ደማቅ የእሳት ኳስ በሰማይ አይቻለሁ፤ ሪፖርቱን ከመላኬ በፊት ምን ላስተካክል?

የማታ ተጓዥ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በጉዳዩ ልምድ ያለው ሰው ምክር እፈልጋለሁ። ትናንት ማታ በቤቴ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ በሰሜን በኩል ያለው ሰማይ በድንገት በራ፤ ቀና ስል ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጭ እሳት ከግራ ወደ ቀኝ እያዘቀዘቀ ሲምዘገዘግ አየሁ። ብርሃኑ እስከ ዛሬ ካየኋቸው ተወርዋሪ ኮከቦች ሁሉ የተለየ ነበር፤ የአጥሩም የእኔም ጥላ መሬት ላይ ወድቆ ከብርሃኑ ጋር ሲዞር ታይቶኛል። ሊጠፋ ሲል ሁለት ወይም ሦስት ብርቱካናማ ስብርባሪዎች ከዋናው ተነጥለው ተከተሉት፤ ከዚያም ከቤቴ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከሚርቀው ኮረብታ ጀርባ ወደቀ።

ወዲያው በሌላ ከተማ ለምትኖረው እኅቴ ደወልኩላት፤ የሚገርመው እሷም ደጅ ሆና አይታው ነበር። ነገሩ ከጠፋ ብዙ ቆይቶ፣ እኛ እያወራን ሳለ፣ የሩቅ ነጎድጓድ የመሰለ ድርብ ድምፅ ሰማሁ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር።

በኢንተርኔት የእሳት ኳስ ሪፖርት የሚቀበል ቅጽ አግኝቼ መሙላት ጀምሬአለሁ። እስካሁን የጻፍኩት ሰዓቱ 2፡47 እንደ ነበር፣ ብርሃኑ 10 ሰከንድ እንደ ቆየ፣ ሲጀምር ከአድማስ በላይ 60 ዲግሪ ላይ እንደ ነበርና ከኮረብታው ጀርባ እንደ ወደቀ ነው። ሁሉም ግምት ስለሆነ እጄ ለመላክ አመነታ። እንዲህ በግምት የተሞላ የአንድ ተራ ሰው ምስክርነት ለሚያጠኑት ሰዎች ይጠቅማል ወይስ ያስቸግራል? ነገ ጠዋትስ ከጓደኞቼ ጋር ኮረብታውን ተሻግረን ድንጋዩን ልንፈልግ አስበናል፤ ምን መጠንቀቅ አለብን?


አጥቢያ

ቅጹን ገና አለመላክዎ መልካም ሆነ፤ ከጻፏቸው አራት ነገሮች ውስጥ አንዱም ሳይስተካከል መሄድ የለበትምና። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። እኔም የመጀመሪያዬን ያየሁ ማታ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ያረፈ መስሎኝ በባትሪ ጣሪያውን ስዞር አምሽቻለሁ።

ከመጨረሻው ልጀምር። «ከኮረብታው ጀርባ ወደቀ» የሚለው ያዩት ነገር ሳይሆን ካዩት ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ነው፤ ያዩት ብርሃኑ በኮረብታው አቅጣጫ መጥፋቱን ብቻ ነው። የእሳት ኳስ የምንለው ሜትሮር መብራት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ በጣም ጠልቆ የሚገባውም ቢሆን ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ብርሃኑን ይዞ የሚወርደው እምብዛም ነው። ከባቢ አየሩ ፍጥነቱን እየገታ በሰከንድ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ሲያወርደው ትነቱ ያቆማል፣ ብርሃኑም ይጠፋል። የተረፈ ድንጋይ ካለ ከዚያ ወዲያ ጠቁሮ፣ በነፋስ እየተገፋ፣ ለደቂቃዎች ማንም ሳያየው ይወርዳል። ዓይናችን ደግሞ በጨለማ ውስጥ ብቻዋን ያለች ብርሃን ምን ያህል እንደምትርቅ የሚለካበት ዘዴ ስለሌለው፣ በቅርብ ያለውን ኮረብታ ወይም ጣሪያ ርቀት ይበደርና ለብርሃኑ ይሰጠዋል። ስለዚህ የነገውን ፍለጋ ይተዉት፤ ጫማዎን ከመጨረስ ያለፈ ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። አንድ ተመልካች ለስሌቱ የሚሰጠው ቦታ ሳይሆን አቅጣጫ ነው። እርስዎ የቆሙበት ነጥብ፣ ብርሃኑ የጀመረበት አቅጣጫና የጠፋበት አቅጣጫ አንድ ላይ ሆነው በሰማይ ላይ አንድ ጠለል (እንደ ወረቀት የተዘረጋ ገጽ) ይሠራሉ፤ ከሌላ ከተማ ያየ ሰው ሌላ ጠለል ይሰጣል፤ ሁለቱ ጠለሎች የሚቋረጡበት መስመር ሜትሮሩ የተጓዘበት መንገድ ነው። ተመልካቾች በበዙ ቁጥር የአንዱ ስሕተት በሌላው ይታረማል፤ ነገር ግን የሚታረመው ሁሉም ያየውን ሲጽፍ እንጂ ሁሉም የገመተውን ሲጽፍ አይደለም። 100 ኪሎ ሜትር ለሚርቅ ነገር የአንድ ዲግሪ ስሕተት መንገዱን 1.7 ኪሎ ሜትር ያህል ያዛንፈዋል፤ የ20 ዲግሪ ስሕተት ምን እንደሚያደርግ ማሰብ አያዳግትም።

ዛሬ ማታ፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ፣ ያው ቦታ ላይ ይመለሱ። እዚያው በር ላይ፣ ከተቻለ እግርዎ በነበረበት ቦታ ቆመው፣ ብርሃኑ የጀመረበትንና የጠፋበትን ነጥብ ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር ያያይዙት፦ ከጣሪያ ጠርዝ፣ ከምሰሶ ጫፍ፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ። አቅጣጫውን በስልክ ኮምፓስ መለካት ይቻላል፤ ሆኖም የብረት በርና መኪና አጠገብ ኮምፓስ ስለሚዋሽ፣ ምልክት ያደረጉትን ነገር በካርታ ላይ አግኝቶ ከቆሙበት ነጥብ ወደ እሱ መስመር መሳብ የበለጠ ይታመናል። ከፍታውን ደግሞ በእጅዎ ይለኩ። ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ሲጨብጡ የጭብጡ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ ሦስቱ መካከለኛ ጣቶች አንድ ላይ 5 ዲግሪ፣ ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ ይሸፍናሉ። ከአድማስ ጀምረው ጭብጥ በጭብጥ ላይ እየደረቡ ይቁጠሩ። 60 ዲግሪ ያሉት ሲለካ እንደሚያንስ ከወዲሁ ልንገርዎ፤ ሰው ሁሉ በሰማይ ያየውን ነገር ከእውነተኛው ከፍታ ከፍ አድርጎ ያስታውሳል፤ ከአድማስ እስከ አናታችን ካለው እኩሌታ ያህል ከፍ ያለ የመሰለን ነገር ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

የቆይታው ጊዜም እንዲሁ ነው። የሰከንድ መቁጠሪያ ለሌላ ሰው ይስጡና እርስዎ ያዩትን በጣትዎ እየተከተሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያው ፍጥነት ይድገሙት፤ ሦስት ጊዜ አድርገው መካከለኛውን ይውሰዱ። የደነገጠ ሰው ሰከንዱን እጥፍ አድርጎ ማስታወሱ የተለመደ ነው።

ሰዓቱ ግን ከሁሉ ይብሳል። በአማርኛ ከምሽቱ 2፡47 የምንለውን ቅጹን የሚያነብ ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ ሰዓት አድርጎ ስለሚወስደው፣ ሪፖርትዎ ከሌሎቹ ሰዎች ሪፖርት በስድስት ሰዓት ተለይቶ ብቻውን ይቀራል። በ24 ሰዓት አቆጣጠር 20፡47 ብለው ይጻፉ፤ ቀኑም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆኑን፣ ቅጹም የአካባቢ ሰዓት ወይስ ዓለም አቀፍ ሰዓት እንደሚጠይቅ ያረጋግጡ።

ቀለሙንና ስብርባሪዎቹን እንዳዩት ጽፈው ይለፉ። አረንጓዴው ከማግኒዥየም ሊመጣ ይችላል፣ ብርቱካናማው ከሶዲየም፤ ነገር ግን የዓይን ምስክር የቀለም ትዝታ ሰው ከሰው ስለሚለያይ ብዙ አይመረኮዙበትም።


ሌንስ

የተራ ሰው ምስክርነት ይጠቅማል ወይ ላሉት፣ ትንሽ ታሪክ ልጨምር። ድንጋይ ከሰማይ ይወርዳል የሚለውን ነገር የአውሮፓ ሊቃውንት የገበሬ ተረት ነው ብለው ሲያጣጥሉት ኖረው ነበር። በ1803 በፈረንሳይ ላይግል በምትባል ከተማ ዙሪያ ከሦስት ሺህ በላይ ድንጋዮች ሲወርዱ፣ ዣን ባፕቲስት ቢዮ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ወደ ስፍራው ተልኮ ከመንደር መንደር እየዞረ ያዩትንና የሰሙትን ሰዎች ጠየቀ፤ ቃላቸውንም ከድንጋዮቹ ስርጭት ጋር አመሳክሮ ያቀረበው ዘገባ ክርክሩን ዘጋው። ማለትም ይህ የሳይንስ ዘርፍ ከመነሻው የቆመው እንደ እርስዎ ባሉ ሰዎች ቃል ላይ ነው።

በእኛ ዘመንም ቢሆን፣ የካቲት 28 ቀን 2021 በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በእንግሊዝ ዊንችኮም ላይ የወደቀው ሜትሮራይት (መሬት የደረሰ የሜትሮር ድንጋይ) ከአንድ ሺህ በላይ የዓይን ምስክሮች ሪፖርት አድርገውት ነበር። በእርግጥ የመውደቂያውን ስፍራ ያጠበቡት ሰማይን ሌሊቱን ሙሉ የሚቀርጹ ካሜራዎች ናቸው፤ ካሜራ በሌለበት ሰፊ የምድር ክፍል ግን እስካሁን ያለን የሰው ዓይን ነው።

ስለ ካሜራ ካነሣሁ፣ በአካባቢዎ የደህንነት ካሜራ ያለው ጎረቤት ካለ ዛሬውኑ ይጠይቁ። አብዛኞቹ መቅጃዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ በአሮጌው ላይ አዲስ ስለሚቀርጹ ነገ ማለት አይሠራም። ቪዲዮውን ከስክሪን ላይ በስልክ ቀርጸው አይውሰዱ፤ ዋናው ፋይል ይገልበጥልዎ።


የማታ ተጓዥ

እጅግ አመሰግናለሁ፤ የታዘዝኩትን ሁሉ አድርጌአለሁ፤ ውጤቱም አሳፍሮኛል።

ሲጀምር 60 ዲግሪ ያልኩት በጭብጥ ስለካው ከአራት ጭብጥ ትንሽ ያነሰ፣ 38 ዲግሪ ያህል ሆነ፤ አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ምዕራብ ያዘነበለ፣ 335 ዲግሪ ነው። የጠፋበት ደግሞ 20 ዲግሪ አቅጣጫ ላይ ነው። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ኮረብታው ነው። በሌሊቱ ወደ ኮረብታው ጀርባ ሲገባ ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ቆሜ ሳስበው ግን ብርሃኑ የጠፋው ከኤሌክትሪክ ምሰሶው ጫፍ አጠገብ መሆኑን በደንብ አስታወስኩ። የምሰሶው ጫፍ 22 ዲግሪ ላይ ሲሆን የኮረብታው አናት ከሦስት ጣት አይበልጥም። በመካከል ያለውን ባዶ ሰማይ የሞላሁት እኔው ራሴ ነኝ ማለት ነው።

ቆይታው በሦስት ሙከራ 4፣ 5 እና 5 ሰከንድ ወጣ። ጎረቤቴ ካሜራ አላት፤ ነገር ግን የሚያሳየው የግቢዋን በር ብቻ ነው፤ ሰማይ የለበትም። ግቢው ሲበራና የምሰሶ ጥላ መሬት ላይ ሲዞር ይታያል፤ ከብርሃኑ መጀመሪያ እስከ መጥፊያው አራት ሰከንድ ተኩል ነው። ይህ ከንቱ ቪዲዮ ነው ብዬ ልተወው ነበር። የካሜራው ሰዓት ደግሞ 20፡51 ይላል፤ የስልኬ የጥሪ መዝገብ ግን ለእኅቴ የደወልኩት 20፡47 ላይ መሆኑን ያሳያል፤ የትኛውን ልመን?

ድምፁን በተመለከተ፣ የደወልኩት ብርሃኑ ከጠፋ ግማሽ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ድምፁን ስሰማ ስልኩን ዘግቼ ወደ ደጅ ሮጥኩ። የጥሪው ርዝመት 4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ተመዝግቧል።


ተጠራጣሪ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ከምህዋር የወረደ የሳተላይት ወይም የሮኬት ስብርባሪ ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? እሱም ይበራል፣ እሱም ይሰባበራል፣ ስብርባሪዎቹም ተከታትለው ይሄዳሉ። ሁሉን ነገር ሜትሮር ማለት ልማድ ሆኗል።


አጥቢያ

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ጠያቂው ከለኩት ቁጥር ውስጥ አለ። ከምድር ምህዋር የሚወርድ ነገር ፍጥነቱ በሰከንድ ከ8 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ወደ ከባቢ አየር የሚገባውም በጣም አግድም ሆኖ ስለሆነ ከአድማስ እስከ አድማስ እየተንሳፈፈ ለአንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊታይ ይችላል፤ ያየው ሰው ብዙ ጊዜ አውሮፕላን እየተቃጠለ ነው የሚለውም በዝግታው ምክንያት ነው። ሜትሮር ግን በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር ይገባል። ሳተላይት 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከፊት ለፊትዎ ቢያልፍ በአራት ሰከንድ ተኩል ውስጥ በሰማይ ላይ የሚሸፍነው ከ22 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። ጠያቂው የለኩት መንገድ ግን 40 ዲግሪ ያህል ነው፤ በዚያ ላይ ጎላ ብሎ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። የተለመደ ሜትሮር ነው፤ የተለመደ ያልሆነው ድምቀቱ ብቻ ነው።

ድምቀት ካነሣን፣ የእሳት ኳስ ለመባል ከፕላኔቶች ሁሉ ደማቅ መሆን፣ ማለትም የአጥቢያ ኮከብ ከምንላት ከቬነስ ጋር መወዳደር ይበቃዋል፤ ይህም በማግኒቲዩድ ልኬት −4 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች እየወረደ ሲሄድ ድምቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ሙሉ ጨረቃ −12.7 አካባቢ ስለሆነች ቬነስን ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ጊዜ በላይ ትበልጣታለች። ስለዚህ ቅጹ ላይ «በጣም ደማቅ» ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም፤ «ጥርት ያለ ጥላ ጥሏል፣ ሙሉ ጨረቃ ከምትጥለው ጥላ ይበልጥ የጠቆረ ነበር» ወይም «አልነበረም» ብሎ መጻፍ ግን ይናገራል።


ሌንስ

ጠያቂ ሆይ፣ ያንን ቪዲዮ በፍጹም እንዳይተዉት። በ2013 በሩሲያ ቼልያቢንስክ ላይ 20 ሜትር ያህል ስፋት የነበረው አስትሮይድ ሲፈነዳ፣ ተመራማሪዎች መንገዱን ለማስላት ከተጠቀሙባቸው ማስረጃዎች አንዱ በከተማዋ አደባባይ የመብራት ምሰሶዎች የጣሉት ጥላ ነበር፤ የምሰሶው ቁመትና የጥላው ርዝመት ከታወቁ የብርሃኑ ከፍታ ይታወቃል፣ የጥላው አቅጣጫም የብርሃኑን አቅጣጫ ይነግራል። የጎረቤትዎን ምሰሶ ቁመት በሜትር ለክተው፣ ጥላው በመጀመሪያና በመጨረሻ ያረፈበትን ቦታ መሬት ላይ ምልክት አድርገው ቢያስቀምጡ፣ ከእርስዎ ትዝታ የተሻለ ልኬት ሊወጣው ይችላል። ካሜራውን ግን ማንም እንዳያዞረው ወይም እንዳያነሣው ይንገሩልኝ፤ አንግሉ ከተለወጠ ነገሩ ሁሉ ያበቃል።

በሰዓቱ ረገድ ሁለቱንም አይመኑ፤ ያመሳክሩ። የስልክ ሰዓት ከኔትወርክ ስለሚስተካከል ይበልጥ ይታመናል፤ የካሜራ ሰዓት ግን ማንም ሳያየው ለወራት ይዘገያል ወይም ይቀድማል። አሁኑኑ የስልክዎን ሰዓት ሰከንዱን ጨምሮ ለካሜራው ያሳዩት፤ በቀረጻው ላይ በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት አራት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ከሆነ፣ ያንን ከ20፡51 ላይ ቀንሰው የብርሃኑን ጊዜ እስከ ሰከንዱ ያገኙታል። ለሪፖርቱ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፤ ሰዓቱ በሰከንድ ከታወቀ የሳተላይትና የሌሎች ካሜራዎች መዝገብ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይቻላልና።


ነጎድጓድ

እኔን የሳበኝ ድምፁ ነው፤ ብዙ ሰው ብርሃኑ እንደጠፋ ወደ ቤቱ ስለሚገባ ድምፁን ሳይሰማ ይቀራል። ብርሃን ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፅ ግን በመሬት አጠገብ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ በሆነው የላይኛው አየር ደግሞ ይቀንሳል፤ ለግምት በሰከንድ 0.3 ኪሎ ሜትር ብንል አንሳሳትም። እንደ ጠያቂው ቁጥር ከብርሃኑ መጥፋት እስከ ድምፁ 4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ ማለትም 280 ሰከንድ አለፈ። ይህ 84 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

አሁን የ22 ዲግሪውን ከፍታ እዚህ ላይ ያስገቡት። ድምፁ የመጣው ብርሃኑ ከጠፋበት ነጥብ አካባቢ ከሆነ፣ ነጥቡ ከመሬት 31 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በካርታ ላይ ደግሞ ከበርዎ ወደ 78 ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር ማለት ነው። ድምፁ ከመንገዱ ሌላ ክፍል ሊነሣ ስለሚችል ይህን እንደ ግምት ብቻ ይያዙት፤ ሆኖም 31 ኪሎ ሜትር የእሳት ኳስ የሚጠፋበት የተለመደ ከፍታ መሆኑ ጊዜውም አንግሉም በደህና እንደ ተለካ ያሳያል። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የነበረው ኮረብታ ሰባ ስምንት ኪሎ ሜትር ሆነ። ድርብ ድምፅ መስማትዎም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሲሰባበር እያንዳንዱ ክፍል የየራሱን የግፊት ሞገድ ይልካል።

ወደ ሌላ ጉዳይ መውጣት ባይሆንብኝ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። እንዲህ ያለ ብርሃን፣ በተለይ ከዚህ የባሰ ደማቅ ከሆነ፣ ካዩ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ያህል ከመስታወት ራቁ። በቼልያቢንስክ ወደ 1500 የሚጠጉ ሰዎች ለጉዳት የተዳረጉት አብዛኞቹ በድንጋይ ሳይሆን በመስታወት ነው፤ ብርሃኑ ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮት ሄደው ቆመው ሳለ ሞገዱ ዘግይቶ ደረሰ።


የማታ ተጓዥ

እንግዲህ ሁሉንም አስተካክዬ ቅጹን ሞልቻለሁ፤ «የወደቀበት ቦታ» የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ። የካሜራው ሰዓት በ4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይቀድም ነበር። ከመላኬ በፊት ግን እኅቴ ያለችው ግራ አጋብቶኛል። እሷ የምትኖረው ከእኔ ወደ ሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው። ያየችውም ፊቷን ወደ ደቡብ አዙራ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ነው። እኔ ከግራ ወደ ቀኝ ነው ያየሁት። በዚህ ላይ ልክ እንዳየችው፣ በዚያው ቅጽበት፣ ጥብስ ሲጠበስ የመሰለ የ«ጢስ» ድምፅ እንደ ሰማች ትምላለች። ድምፅ ዘግይቶ ይመጣል ካላችሁ ይህ እንዴት ይሆናል? ተሳስታለች ብዬ ሪፖርት እንዳትልክ ልንገራት ወይስ የእኔን አስማምቼ ልለውጥ?


አጥቢያ

አንዱንም አይለውጡ፤ እኅትዎም በራሳቸው ስም፣ ከቆሙበት ቦታ የራሳቸውን ሪፖርት ይላኩ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እርስዎ ወደ ሰሜን፣ እሳቸው ወደ ደቡብ ዞራችሁ አንዱን ነገር በመካከላችሁ ሲያልፍ ካያችሁት፣ ለእርስዎ ከግራ ወደ ቀኝ የሄደው ለእሳቸው ከቀኝ ወደ ግራ መሄዱ ግድ ነው፤ በሁለቱም በኩል ሲታይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። እንዲያውም ሁለታችሁም በአንድ አቅጣጫ አይታችሁት ቢሆን ኖሮ የሚያጠራጥረው ያ ነበር። በሁለት ወገን ቆመው መንገዱን በመካከል ያስገቡ ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰፈር ሪፖርት ከሚልኩ ሃያ ሰዎች የበለጠ ዋጋ አላቸው።

ስለ ጢስታው ደግሞ፣ ለዘመናት ብዙ ሰው የተናገረው ነገር ነው። ኤድመንድ ሃሌይ በ1719 በእንግሊዝ ላይ ስላለፈ ታላቅ የእሳት ኳስ የሰዎችን ቃል ሲሰበስብ እንዲህ ያለውን ድምፅ ምናብ የፈጠረው ነው ብሎ ገሸሽ አድርጎታል። በአየር የሚመጣ ድምፅ ከብርሃን ጋር እኩል ሊደርስ እንደማይችል እርግጥ ነው። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ግን ሌላ መንገድ አሳየ፦ በፍጥነት የሚርገበገብ ደማቅ ብርሃን በተመልካቹ አጠገብ ያሉትን ቅጠል፣ ፀጉርና ጨርቅ የመሳሰሉ ስስ ነገሮች ጫፍ እያሞቀ አጠገባቸው ያለውን አየር ሊያንቀሳቅስ፣ ድምፁም እዚያው ከጆሮ ጎን ሊፈጠር ይችላል። ነገሩ ያለቀለት አይደለም፤ ለዚህም ነው የእኅትዎ ቃል፣ የቆሙበት ዛፍ ሥር ይሁን ወይም ገላጣ ስፍራ ተጨምሮ፣ እንዳለ መመዝገብ ያለበት።

አንድ ነገር ልለምንዎ። እሳቸውም የጠፋበትን ነጥብ ከፍታ በጭብጥ ይለኩ፤ ነገር ግን የእርስዎን ቁጥሮች ከመለካታቸው በፊት አይንገሯቸው፣ ይህንንም ውይይት አያሳዩአቸው። በእርስዎ ልኬት መሠረት እሳቸው ስንት ሊያገኙ እንደሚገባ አስልቼ ወረቀት ላይ ጽፌአለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።


የማታ ተጓዥ

እኅቴ ለክታለች። አንድ ጭብጥና ሁለት ትንሽ ጣት፣ ማለትም 12 ዲግሪ። የቆመችው ባሕር ዛፎች ሥር ነበር። ሁለታችንም ለየብቻ ልከናል።


አጥቢያ

ወረቀቱ ላይ ያለው 13 ነው።